የፍሬሬ 40 ሰዓትና የእኛ ፊደል ገበታ፦ ከጎንደር መምህራን ውይይት

በጽሑፍ የተካሄደውን የዚህን ውይይት ክር የከፈቱት ጎንደር ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት አመቻቾችን የሚያሠለጥኑ አንዲት መምህርት ናቸው። ብራዚላዊው የትምህርት ፈላስፋ ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ 300 ያህል ሰዎችን በ40 ሰዓት ማንበብና መጻፍ አስተማረ የሚባለው እውነት ከሆነ፣ እኛ ሁለት ዓመት ይዘን ብዙዎችን ሳናደርስ የምንቀረው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ከጥያቄው ጋር አንድ ክስ አያያዙ። ፍሬሬ መምህሩ አስቀማጭ፣ ተማሪው ባዶ ካዝና የሚሆንበትን አሠራር «የባንክ ትምህርት» ብሎ አውግዟል፤ የአብነት ትምህርት ቤታችንም የዚህ ዋና ምሳሌ ነው አሉ። መድረኩን ያሞቀው ጥያቄው ሳይሆን ክሱ ነው።

መልሶቹን በቁጥራቸው እተርካለሁ፤ ለሥራ በሚጠቅሙት ላይ ረዘም እላለሁ። የፍሬሬ ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 በትሕትና ሕይወቱን ከሥሩ ጀመሩ። ፍሬሬ መስከረም 19 ቀን 1921 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሬሲፊ ከተማ ተወለደ። ማንበብ የጀመረው ቤታቸው ጓሮ፣ ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ መሬቱን ሰሌዳ፣ ጭራሮውን ጠመኔ አድርጎ፣ ከቤቱ በሚያውቃቸው ቃላት ነው። ቤተሰቡ ደህና ኑሮ የነበረው ቢሆንም የ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ አደኸየው፤ አባቱ በ1934 ሲሞቱ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርቱ ወደኋላ የቀረው ጭንቅላቱ አልቀበል ብሎ ሳይሆን ስለተራበ ነው። መላሹ በዚህ ላይ አጥብቀው ቆሙ፤ ስለ ጎልማሳ ተማሪ ስንፍና የሚያወሩ ሁሉ ከዚህ ቢጀምሩ መልካም ነው አሉ።

ቁጥር 2 ሁለት ነገር አከሉ። ፍሬሬ ሬሲፊ ላይ ሕግ ተምሯል፤ ጥብቅናውን ግን በመጀመሪያው ጉዳይ ትቶታል። ለባለዕዳው ወጣት የጥርስ ሐኪም አዝኖ፣ የባለገንዘቡን ወገን መያዝ ከበደው። ሁለተኛው ስለ ሚስቱ ስለ ኤልዛ ነው። በ1944 ያገባት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች፤ ወደ ትምህርት ጉዳይ የሳበችውም እሷ እንደሆነች ራሱ ደጋግሞ መስክሯል። ስለ ፈላስፋው የሚጻፉ አማርኛ ጽሑፎች ኤልዛን በአንድ መስመር ማለፋቸው ትክክል አይደለም ብለው ወቀሱ። ወቀሳው ተገቢ ነው።

ቁጥር 3 የነገሩ ቁልፍ ሌላ ቦታ ነው አሉ። ፍሬሬ ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፔርናምቡኮ ውስጥ ለሠራተኞች አገልግሎት በሚሰጥ ተቋም ሲሠራ፣ የስዊዘርላንዱን የሥነ ልቦና ሊቅ የፒያዤን ጥናት ተመርኩዞ ልጆችን መቅጣት ስለሚያመጣው ጉዳት ለወላጆች ንግግር አደረገ። ሲጨርስ አንድ 40 ዓመት ገደማ የሆነው ሠራተኛ ተነሣ። የፍሬሬን ቤት አይቶት እንደማያውቅ ተናግሮ፣ ክፍሎቹን፣ መታጠቢያውን፣ የልጆቹን መኝታ አንድ በአንድ ገመተ። ቀጥሎ የራሱንና የጓደኞቹን ቤት አስረዳ፦ አንድ ክፍል፣ የተራቡና የሚያለቅሱ ልጆች፣ ነገ በሌሊት የሚያስነሣ ሥራ። ልጅ የሚመታው ከፍቅር ማነስ እንዳልሆነ ነገረው። ፍሬሬ ያን ምሽት የደረሰበትን «የተስፋ ትምህርት» በተሰኘው ኋለኛ መጽሐፉ ላይ ዘርዝሮታል። መላሹ እንደሚሉት ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው ሁሉ፣ ከማስተማር በፊት የተማሪውን ቤትና ቋንቋ ማጥናት አለብኝ ከሚል የሚነሣ ነው።

ቁጥር 4 ታሪኩ ይበቃናል፤ ክፍል ውስጥ ምን ይደረግ ነበር የሚለውን ንገሩን አሉ። ቁጥር 5 መለሱ። የክሩ ረጅሙና ጠቃሚው መልስ ይህ ነው።

ሥራው አምስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ ቡድኑ መንደሩ ገብቶ ሰዎች በገበያ፣ በእርሻ፣ በቤታቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ይሰበስባል። ሁለተኛ፣ ከተሰበሰቡት ውስጥ አመንጪ ቃላት፣ ማለትም ተቆራርጠው ሌሎች ቃላት የሚወጡባቸው፣ ይመረጣሉ። መመዘኛው ሦስት ነው፦ በውስጣቸው የሚይዙት የድምፅ ብዛት፣ ከቀላል ወደ ከባድ መደርደራቸው፣ ሰዎቹን ለክርክር የሚያነሣሣ የኑሮ ክብደታቸው። በሪዮ አካባቢ ያገለገለው ዝርዝር 17 ቃላት ብቻ ነበር፤ ዝናብ፣ ማረሻ፣ ምግብ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ደመወዝ፣ መንግሥት፣ ሸክላ ጡብ ከውስጡ ይገኛሉ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ቃል የመነጋገሪያ ሥዕል ይዘጋጃል። አራተኛ፣ ለአመቻቹ መንደርደሪያ ነጥቦች ይጻፋሉ፤ እንደ ትእዛዝ የሚነበቡ ግን አይደሉም። አምስተኛ፣ የድምፅ ቤተሰቦቹ ካርድ ይሠራል።

ከፊደል በፊት ስለ ባሕል የሚያወያዩ 10 ሥዕሎች ይታያሉ፤ የመጀመሪያዎቹን የሳላቸው ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ብሬናንድ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ስለ አደን ናቸው፦ በቀስት የሚያድን ሰው፣ በጠመንጃ የሚያድን ሰው፣ አይጥ የምታድን ድመት። ተማሪዎቹ ሁለቱን ከድመቷ የሚለየው ምን እንደሆነ ሲከራከሩ፣ ማንበብ የማይችለው ባለቀስትም መሣሪያ ሠሪ፣ ባሕል ፈጣሪ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባዶ ነው የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው ማንም ሳይሰብክ ነው።

ከዚያ ቃሉ ይመጣል። ጡብ በፖርቱጋልኛ «ቲዦሎ» ነው። መጀመሪያ የግንባታ ሥዕል ይታያል፤ ስለ ቤት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ክፍያ ይወራል። ቀጥሎ ሥዕሉ ከቃሉ ጋር፣ ቀጥሎ ቃሉ ብቻውን፣ ቀጥሎ ሦስት ቁራጩ ይታያል። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአምስቱ አናባቢዎች ጋር ይዘረዘራል፦ ታ ቴ ቲ ቶ ቱ፣ ዣ ዤ ዢ ዦ ዡ፣ ላ ሌ ሊ ሎ ሉ። በመጨረሻ ሦስቱ መስመሮች በአንድ ካርድ ላይ ተደርድረው ወደ ጎንና ወደ ታች ይነበባሉ። ተማሪዎቹም ቁራጮቹን እየገጣጠሙ አዲስ ቃል ይፈጥራሉ። መላሹ እዚህ ላይ ተሳታፊዎች ከዚያው ካርድ «ቱ ዣ ሌ» የሚል ዓረፍተ ነገር መሥራታቸውን አነሡ፤ አንተ አሁን ታነባለህ ማለት ነው።

ቡድኑ 25 ሰው አካባቢ ነው፤ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ይሠራል። ሥዕሉን ለማሳየት ከፖላንድ የመጣ ትንሽ ፕሮጀክተር ይጠቀሙ ነበር፤ መጋረጃው የቤቱ ግድግዳ ነው። ፍሬሬ ከሁሉ የከበደው ነገር ቴክኒኩ እንዳልሆነ ጽፏል። አመቻቹን ካርድ አጠቃቀም ማሠልጠን ቀላል ነው፤ የመወያየት ጠባይ ማስያዝ ግን አስቸጋሪ ነው።

ቁጥር 6 በደስታ ብድግ ያሉ ይመስላሉ። ፍሬሬ በካርድ የሠራው የድምፅ ቤተሰብ እኛ ፊደል ገበታ ላይ በየመስመሩ ተጽፎ የሚገኝ ነገር ነው አሉ። ለሙከራ «መሬት» የሚለውን ቃል ወሰዱ። መ፣ ረ፣ ተ ሦስት ቤተሰብ፣ ሰባት ሰባት ሆሄ፣ በጠቅላላው 21። ከዚህ ካርድ ምርት፣ ማር፣ ራት፣ ተራ፣ ማታ፣ ተማሪ የሚሉ ቃላት ይወጣሉ፤ «ማታ ተማረ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ይገኛል። በጎንደር ገጠር ስለ መሬት የማይናገር ሰው ስለሌለ የመጀመሪያው ምሽት ቃል ይህ ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

ቁጥር 7 ሐሳቡን ወድደው ምርጫውን አረሙት። መሬት ለውይይት ቢከብድም ለጀማሪ ዓይን አስቸጋሪ ነው። የረ ቤተሰብ ለምልክት የሚሆን ቀጥ ያለ እግር ስለሌለው ሩ፣ ራ፣ ር ቅርጻቸውን ይቀያይራሉ፤ መ ደግሞ ማ እና ም ላይ ይለወጣል። ተማሪው የሰባቱን ቤት ሥርዓት ገና ሳይዝ ልዩ ሁኔታው ይቀድመዋል። ይልቅ «ከብት» ይቅደም አሉ። ከ እና በ ሁለት እግር ያላቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ቤት ከቀኝ እግር መሐል፣ ሦስተኛው ከእግሩ ሥር ምልክት ሲቀበል፣ አራተኛው ቀኝ እግሩን ሲያስረዝም በግልጽ ይታያል። ተ ባለ አንድ እግር በመሆኑ ሁለተኛውን ዓይነት አሠራር ያስተዋውቃል። ከካርዱም ቤት፣ ካብ፣ ኩታ፣ ካባ፣ ክታብ፣ ታቦት ይወጣሉ። ከሁሉ የሚያምረው «ከብት ተከተበ» ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ከሦስቱ ቤተሰብ ውጪ አንድም ሆሄ የለውም። ክትባት መቼ ይመጣል፣ ማን ይከፍላል፣ ያልተከተበ ከብት ሲሞት ማን ይጠየቃል የሚለው ደግሞ ምሽቱን የሚሞላ ክርክር ነው።

በእኔ ግምት ክሩ ይህን መልስ ብቻ ይዞ ቢቀር እንኳ ዋጋ ነበረው።

ቁጥር 8 ካርዱ የማያሳየውን አስታወሱ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም፤ ገና በዓሉና ገና ያልደረሰው፣ ዋናተኛው የሚዋኘው ዋናና ትልቁ ዋና በጽሑፍ አንድ ናቸው። ለዚህም ነው ቃል ከሥዕሉና ከወሬው ጋር መምጣት ያለበት፤ ተማሪው ቃሉን ከአፉ ስለሚያውቀው አነባበቡን አይስትም። ነጠላ ሆሄ ሲቆጥር የከረመ ግን «ተከተበ»ን አላልቶ ያነብና ምን እንዳነበበ አያውቀውም። ሞክሼዎቹን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ወደ መጨረሻ አቆዩአቸው አሉ። ከ33ቱ ቤተሰብ 28 ይቀራሉ፤ አንድ ቃል በአማካይ ሁለት አዲስ ቤተሰብ ቢያመጣ 15 ቃላት ይበቃሉ።

ከቁጥር 9 እስከ 11 ያለው ከመንገድ ወጣ። አንዱ ሞክሼ ፊደላት ጭራሽ ይቅሩ አሉ፤ ሌላው ሠረቀና ሰረቀ፣ አንዱ የፀሐይ መውጣት፣ ሌላው ሌብነት መሆኑን ጠቅሰው ግእዝን ማን ሊያነበው ነው ብለው ተቆጡ። ሦስተኛው ደግሞ ጉዳዩን ወደ ኮምፒውተር ሆሄ ማረሚያ ወሰዱት። የክሩ ከፋች ለቅኔ ተማሪና ለ50 ዓመት ገበሬ የሚሆነው ፍርድ አንድ መሆን እንደሌለበት ጠቁመው መለሷቸው።

ቁጥር 12 ክሱን የሚመልሱ የአብነት መምህር ናቸው። ሌሎቹ ሁሉ ከዚህ በኋላ የኔታ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ እሳቸውም መምህርቷን ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። የአብነት ትምህርት ያለ ማስተዋል መሸምደድ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አቡጊዳን አያውቁትም አሉ። ልጁ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ ሆሄያቱ በሌላ ድርድር፣ አ ቡ ጊ ዳ ተብለው ይመጡበታል፤ ዜማውን ሳይሆን ፊደሉን መለየቱ የሚፈተነው በዚህ ነው። ቀጥሎ በመልእክተ ዮሐንስ ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ በሚባሉ የንባብ ደረጃዎች እያለፈ ንባቡን ያስተካክላል፣ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙ ከወርቁ የተጣላበትን ቦታ ይነቅሱለታል። ካዝና ቅኔ አይዘርፍም ብለው ጨረሱ።

ቁጥር 13 ድምፁ ተቀየረ። የኔታን ከልብ አከብራለሁ ብለው ጀምረው፣ ሕፃን የማይሰማውን ቋንቋ ዓመታት እንዲደግም ማድረግና በአርጩሜ ማስያዝ ምን ዓይነት ውይይት ነው ብለው በቀጥታ ጠየቁ። ከጀማሪዎቹ ስንቱ ቅኔ ቤት ይደርሳል? ጥቂቶች በደረሱበት ማዕረግ የብዙኃኑን የንባብ ቤት ዘመን መሸፈን አይገባም አሉ። ጥያቄው ሻካራ ቢሆንም እውነት አለበት፤ ማንም በቀጥታ አልመለሰውም።

ቁጥር 14 ሁለቱን ለማስማማት ሞከሩ። ቅኔ ቤት ፈጠራ ነው፣ ንባብ ቤት ቃል በቃል መያዝ ነው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ በመሐል ይቆማል፤ አንድም እያለ ብዙ ፍቺ ይደረድራል፣ ፍቺዎቹን ግን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላቸዋል እንጂ አይጨምርባቸውም። ፍሬሬ ያወገዘው በቃል መያዝን ሳይሆን ተማሪው ስለ ራሱ ኑሮ እንዳይጠይቅ የሚያደርገውን ግንኙነት ነው ብለው ለዩት። ይህ ልዩነት ቀድሞ ቢነገር ብዙ ቁጣ ያስቀር ነበር።

ቁጥር 15 ሥዕሎቹን አነሡ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውና ግድግዳው በሥዕል የተሞላው ማንበብ የማይችለው ምእመን እንዲማርበት ነው፤ ስለዚህ ጎንደር የፍሬሬን ዘዴ ቀድማዋለች አሉ። ቁጥር 16 ተቃወሙ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታሪኩ የታወቀና የተዘጋ ነው፣ ካህኑ ያስረዳል፣ ምእመኑ ይቀበላል። የመነጋገሪያ ሥዕል ግን መልሱ ውስጡ መቀመጥ የለበትም። አመቻቾች በተደጋጋሚ የሚስቱትም እዚህ ነው፦ በግራ ቆሻሻ ግቢ፣ በቀኝ ንጹሕ ግቢ ይስሉና የትኛው ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪው የሚፈለግበትን ያውቃል፣ በቀኝ ያለውን ይልና ወሬው ይሞታል። ውኃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ ሴት ብትሳል ግን ምንጩ የት ነው፣ ማን ይቅዳ፣ ቧንቧው ለምን ቆመ የሚለው በራሱ ይመጣል።

ቁጥር 17 ተጠራጣሪ ናቸው። የ40 ሰዓቱ ወሬ ያለ ቅድመ ሥራው ሲነገር ማታለያ ይሆናል አሉ። ቃላት የተሰበሰቡበት፣ ሥዕል የተሳለበት፣ አመቻቾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠለጠኑበት ጊዜ በ40 ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ለዚያውም ወጪው ከአሜሪካ የእድገት ኅብረት እርዳታ የመጣ ነው፤ ስለ ተጨቋኞች ለሚናገር ሰው ይህ ምን ማለት ነው ብለው ወጉ። ቁጥር 18 ስለ ሰዓቱ ተስማምተው በገንዘቡ ላይ መለሱ። በዚያ ዘመን ብራዚል ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይችልም ነበር፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ1985 ነው። 300 አንባቢ ማለት 300 አዲስ መራጭ ነው። በሚያዝያ 1963 የመዝጊያውን ትምህርት ፕሬዚዳንት ጎላርት ራሱ መጥቶ ተከታተለ፤ 20,000 የባሕል ክበቦች፣ ማለትም እንደዚህ ያሉ የመማሪያ ቡድኖች፣ የሚከፍት አገር አቀፍ እቅድም ወጣ። በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ እቅዱ ተሰረዘ፣ ፍሬሬ 70 ቀን ያህል ታሰረ። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ገዥዎቹ የፈሩት ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል አሉ። ስደቱንም በአጭሩ ነገሩ፦ ለጥቂት ጊዜ ቦሊቪያ፣ እስከ 1969 ቺሊ፣ ከዚያ ሃርቫርድ፣ ከ1970 ጀምሮ ጄኔቫ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት። የተጨቋኞች ትምህርት የተሰኘውን መጽሐፉን የጻፈው ቺሊ ሳለ ነው።

ቁጥር 19 ያልተሳካውንም ንገሩ አሉ። ከ1975 ጀምሮ ፍሬሬ ጊኒ ቢሳውን ሲያማክር፣ መንግሥቱ ማስተማሪያውን ፖርቱጋልኛ አደረገ፤ ሕዝቡ በአብዛኛው የማይናገረውን ቋንቋ። በማይናገሩት ቋንቋ አመንጪ ቃል ሊኖር ስለማይችል ሥራው ፍሬው አነስተኛ ሆነ። መላሹ ከዚህ ተነሥተው ቅማንትኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ባሉበት መንደር ቃል ሰብሳቢው ጆሮውን መክፈት አለበት አሉ።

ቁጥር 20 ወደ አገር ቤት መጡ፤ የ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋ ቢሰጥም መጽሐፉ ከማዕከል ስለመጣ የአንድ ወገን ንግግር ነበር አሉ። ቁጥር 21 ይህን ሲያነቡ ተቆጡ፤ በኩራዝ ብርሃን ያስተማሩ ወጣቶችን ድካም በአንድ ቃል አትጣሉት፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል አሉ። ሁለቱ አልተስማሙም። አንዱ ስለ መጽሐፉ፣ ሌላው ስለ ሰዎቹ እየተናገሩ ስለሆነ የሚስማሙ አልመሰለኝም።

ቁጥር 22 ፍሬሬ በ1980 አገሩ ጠቅልሎ ከገባ በኋላ ያለውን አነሡ። ከጥር 1989 እስከ ግንቦት 1991 የሳን ፓውሎ ከተማ የትምህርት ኃላፊ ሆኖ፣ ከፍልስፍናው በፊት የሚያፈሱ ጣሪያዎችንና የተሰበሩ ወንበሮችን ማስጠገን ነበረበት፤ የጎልማሶች ትምህርቱንም ከሰፈር ማኅበራት ጋር በጋራ አስኬደው። ግንቦት 2 ቀን 1997 አረፈ። የእኛ ቢሮዎች ሊያነቡት የሚገባው ይህን የሥራ ዘመኑን ነው አሉ፤ እኔም እስማማለሁ።

ቁጥር 23 ላይ ከፋቿ ተመለሱ፤ ክሱን ወደ ጎን ትተው አዘዞ አካባቢ የሚሞከር እቅድ አቀረቡ። 25 ሰው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሽት አንድ አንድ ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት። መብራት ስለማያስተማምን ሥዕሉ በአቡጀዲ ላይ ይሳላል። የመጀመሪያ ቃላቸው ማዳበሪያ ነው፣ ሰዉን የሚያንጨረጭረው የእሱ ዋጋ ነውና።

ቁጥር 24 ሦስት ነገር አስተካከሉ። ጊዜው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ፣ ከየካቲት ወዲህ ይሁን፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ከስምንቱ ሳምንት በፊት ቃል የሚሰበሰብበት ሦስት ሳምንት ይጨመር፤ ዝርዝሩም ከቢሮ አይምጣ። ማዳበሪያ መልካም ቃል ነው፣ ነገር ግን አምስት ቤተሰብ፣ 35 ሆሄ በአንድ ምሽት ይጭናል። ከብትና መሬት ከቀደሙት በ፣ መ እና ረ የታወቁ ይሆናሉ፤ አዲስ የሚሆኑት ደ እና የ ብቻ ናቸው።

ከፋቿ ማዳበሪያን ወደ ሦስተኛ ቃል አወረዱት፤ የኔታም ለደ እና ለየ መለማመጃ የሚሆኑ ቃላት እልካለሁ አሉ።